አረንጓዴ በጀት ምንድን ነው?

ጮቄ ተራራ ስር ባሉ ቀበሌዎች ደጋግሞ የሚታይ ነገር አለ። ጠጠር መንገድ ይሠራል፤ ሰዉም እሰየው ይላል፣ ወላድ እናት ጤና ጣቢያ ትደርስበታለች። ግን ከመንገዱ ስር የተቀበረው ቱቦ የክረምቱን ጎርፍ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይለቀዋል። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ የጤፉ ማሳ መሃል ላይ በሬ የሚውጥ ቦረቦር ይከፈታል። ጥር ላይ ደግሞ ያው ገበሬ ለተፋሰስ ሥራ ወጥቶ ቦረቦሩን በድንጋይ ሲያስር ይውላል።

አንዱ በጀት ይቆፍራል፣ ሌላው በጀት ይደፍናል። መንገዱ የመንገድ፣ ቦረቦሩ የግብርና ነውና ሁለቱን ወጪዎች አንድ ገጽ ላይ የሚያይ ሰው የለም።

አረንጓዴ በጀት የሚባለው ይህንን ለማስቀረት ነው። ብዙዎቻችን ስሙን ስንሰማ ለችግኝ የተያዘ ብር ይመስለናል። አይደለም። ደመወዙም፣ መንገዱም፣ ማዳበሪያውም ያለበት ሙሉው በጀት ነው የሚታየው። በየወጪው ላይ ይጠየቃል፦ ይህ ብር የአየር ንብረቱንና ብዝኃ ሕይወቱን (የዕፅዋቱንና የእንስሳቱን ልዩ ልዩ ዓይነት) ይጠቅማል? ይጎዳል? ወይስ አይነካውም?

ኔፓል በ2012 እ.ኤ.አ. ለአየር ንብረት ወጪዎች የበጀት መለያ ኮድ አወጣች። ፈረንሳይ ከ2021 እ.ኤ.አ. በጀቷ ጀምሮ የሚጎዳውንም ወጪ ለይታ ትጽፋለች። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ ጥሩውን ብቻ መቁጠር ለሪፖርት ማሳመሪያ ይሆናል። በ2022 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የተስማሙት አገሮችም ብዝኃ ሕይወትን የሚጎዳ ድጎማን እስከ 2030 ድረስ በዓመት ቢያንስ በ500 ቢሊዮን ዶላር ለመቀነስ ቃል ገብተዋል።

የአየር ንብረትና ብዝኃ ሕይወት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ባሕር ዛፍ አየሩን የሚያሞቀውን ካርበን ይይዛል። ጅብራና ጓሳ በሚበቅሉበት የጮቄ አናት ላይ ከተተከለ ግን ቦታቸውን ይቀማቸዋል። በአንድ ሚዛን ትርፍ የሆነው በሌላው ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው።

ወደ መንገዱ እንመለስ። ውሃውን ከፋፍሎ ወደ ሣር መስክ የሚያወርድ ቦይ መጨመር ገንዘብ ይጠይቃል። ሐምሌ 1 የሚጀምረው በጀት አረንጓዴ ከሆነ ግን ያ ገንዘብ ከመነሻው የመንገዱ ወጪ ተብሎ ይያዛል፤ ጥር ላይ ከገበሬው ጉልበት አይጠየቅም።