ውድ ስለሆነ አያድንም፣ ከተፈጥሮ ስለመጣም ደህና አይሆንም፦ በየቤቱ ስለ ጤና የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በከተማ ኑሮ ጤና እንደ ማንኛውም ሸቀጥ የሚገዛ ነገር እየመሰለ መጥቷል። ሲደክመን ግሉኮስ እንሰቀላለን፣ ጉንፋን ሲይዘን አንቲባዮቲክ እንገዛለን፣ የታመመ ልንጠይቅ ስንሄድ የታሸገ ጁስ እንይዛለን። ይህ የመረራቸው ሰዎች ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደው «የተፈጥሮ ነው» የተባለውን ሁሉ ያለ ልክ ይጠጣሉ። አንዱ ዋጋውን፣ ሌላው ምንጩን አይቶ ይፈርዳል። ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር አይነግሩንም፤ ነገሩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? በምን ያህል መጠን? ለማን ይሆናል? ለማንስ አይሆንም?

«ሲደክመኝ ግሉኮስ ቢሰቀልልኝ ያበረታኛል»

በብዛት የሚሰቀለው 5 በመቶ ግሉኮስ ነው። አንድ ሊትሩ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ብቻ ሲሆን በሻይ ማንኪያ ሲለካ 12 ገደማ ነው። ከዚያ የሚገኘው ኃይል 200 ካሎሪ አይሞላም፤ አንድ እንጀራ በሽሮ ከዚያ በላይ ይሰጣል። ፕሮቲንም፣ ብረትም፣ ቫይታሚንም የለበትም። ብዙ ሰው ከተሰቀለለት በኋላ ቀለል የሚለው ፈሳሽ ስላገኘና ሰዓታት ጋደም ብሎ ስላረፈ ነው። ውሃ ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ተኝቶ ቢያድር ያው ነበር።

በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚያስፈልገው መዋጥ ላልቻለ፣ ያለማቋረጥ ለሚያስመልሰው፣ ፈሳሹ ክፉኛ ላለቀበት ወይም የደም ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ነው። በተቅማጥ ፈሳሹ ላለቀበት እንኳ ተመራጩ ሪንገር ላክቴት የሚባለው ጨው ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ባዶ ግሉኮስ የጠፋውን ጨው አይተካም። በመርፌው ቀዳዳ ኢንፌክሽን ሊገባ፣ የደም ሥሩም ሊቆጣ ይችላል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ የፈሳሹ ብዛት ራሱ አደጋ ነው። ድካሙ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ያ ገንዘብ ለደም ማነስና ለደም ስኳር ምርመራ ይዋል፤ ሳል አብሮት ካለ ለቲቢ ምርመራም።

«መርፌ ከኪኒን ይበረታል»

መዋጥ ለሚችልና ለማያስመልሰው ሰው አብዛኛው መድኃኒት በአፍ ተወስዶ በበቂ መጠን ደም ውስጥ ይገባል። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ግን የእግርን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳና እግርን ሊያሰንፍ ይችላል፤ በተለይ በቀጫጭን ሕፃናት ላይ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ካልተወጋሁ ማለት ያለ ምክንያት አደጋ መግዛት ነው።

«ተቅማጥ የያዘው ልጅ ሆዱ እንዲያርፍ ምግብና ውሃ ይቀነስለት»

ልጅን የሚገድለው የፈሳሽና የጨው ማለቅ ነው። በዚህ ላይ ካሉን መድኃኒቶች ሁሉ ኃይለኛው በጣም ርካሹ መሆኑ እየጎዳው ነው፤ ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የስኳርና የጨው ዱቄት፣ ስለማይወደድ ቁም ነገር አይመስልም። አሠራሩ ይህ ነው፦ የአንጀት ግድግዳ ስኳርና ጨውን በአንድነት ሲያሳልፍ ውሃው ተከትሏቸው ይገባል። ይህ መንገድ ተቅማጡ እየበረታ እንኳ አይዘጋም። ስለዚህ ወሳኙ የሁለቱ ልክ ነው።

ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ያንብቡ፤ አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው። ውሃውን አፍልተው ካቀዘቀዙ በኋላ ሙሉ ፓኬቱን ይበጥብጡ፤ ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፣ ከ24 ሰዓት በላይም አይቆይም። ፓኬት ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል፤ ማንኪያው ያልተቆለለ፣ አፉ በቢላ የተስተካከለ ይሁን። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ነው። «እንዲጠነክር» ተብሎ ውሃው ከተቀነሰ ጨዉ በዝቶ ልጁን ለከፋ አደጋ ይዳርጋል፤ ስኳሩ ከበዛ ደግሞ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል። ለስላሳ መጠጥና የታሸገ ጁስ የማይሆኑትም ለዚሁ ነው፤ ስኳራቸው ብዙ፣ ጨዋቸው እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ዚንክም አይቅር፤ ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች ላለው 10 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን። ተቅማጡ ቢቆምም ቀኑን ይጨርስ። ጡት አይቋረጥ፣ ምግብም አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ።

«ማር የተፈጥሮ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም»

ጉንፋን በቫይረስ ስለሚመጣ አሞክሳሲሊን አይነካውም። ለሳሉ ግን ማር በእርግጥ ይረዳል፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከመኝታ በፊት ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ቦቱሊዝም የሚባለውን ጡንቻ የሚያሰንፍ ሕመም ያመጣል። ማፍላትም ዘሩን አያጠፋውም።

«ስኳር ስላለብኝ ሻዬን በማር እጠጣለሁ» የሚሉ ወገኖችም ይህን ይወቁ፦ ከማር ክብደት 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው።

«ምች ስለሆነ ዳማከሴ ይበቃዋል»

አፍ ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቁስል የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ሰው ይህን ከፀሐይ ጋር ማያያዙ ትክክለኛ ትዝብት ነው፤ ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ኃይለኛ ፀሐይ ወይም ትኩሳት ሲያገኘው ይነሣል። ቁስሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ በራሱ ይድናል። ዳማከሴን አሽቶ ማሽተትና ገላን ማሸት ለብዙ ሰው እፎይታ ይሰጣል፤ ይህን የሚያስነቅፍ ነገር የለም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አንደኛ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ላብ ሁሉ ምች አይደለም። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም በቅርብ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ይመርመር፤ በዳማከሴ ያለፉ ሦስት ቀናት ወባን ወደ አንጎል ሊያደርሱት ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ጭማቂው ዓይን ውስጥ አይጨመር። ሦስተኛ፣ አፉ ላይ ቁስሉ የወጣበት ሰው አራስ ሕፃን አይሳም፤ ቫይረሱ አዲስ ለተወለደ ልጅ ገዳይ ነው። አራስ ጥየቃ መሳም በሚበዛበት አገር ይህን ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል።

«ጤና አዳም ስሙ ራሱ ጤና ነው»

በቡና ላይ የሚጣል አንድ ዘለላ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም። በጭብጥ ተፈልቶ ሲጠጣ ግን ሆድን ይቆርጣል፣ ጉበትና ኩላሊትን ይጎዳል፣ ማሕፀንን ስለሚያኮማትርም ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው። ቅጠሉ ቆዳ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ከነካው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንደ ቃጠሎ ውሃ ይቋጥራል፤ ጠባሳውም ለወራት ይቆያል። የነካውን ቦታ ወዲያው በሳሙና መታጠብና ከፀሐይ መሸፈን ይገባል።

«ኮሶ ለትል ከፋብሪካ መድኃኒት ይሻላል»

የኮሶ አበባ የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አያከራክርም፤ አያቶቻችን ያለ ምክንያት አልጠጡትም። ችግሩ ልኩ አለመታወቁ ነው። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው ይለያያል፣ ሲቆይም ይዳከማል። ሲያንስ የትሉ ራስ አንጀት ላይ ተጣብቆ ይቀርና ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላ ቁርጥራጩ እንደገና ይታያል። ሲበዛ ደግሞ ከባድ ማስመለስና መድከም ያመጣል፣ ጽንስ ያስወርዳል፣ የማየት ችሎታንም ሊጎዳ ይችላል። የፋብሪካው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ግን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ ይወሰዳል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ባለ 600 ሚሊ ግራም ኪኒን ይበቃል። የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። ትሉ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነውና ክትፎው ለብለብ ከሆነ መድኃኒቱ ተውጦም ተመልሶ ይመጣል።

«ነጭ ማኛ ጤፍ ለጤና ይሻላል»

ማኛ የሚወደደው በንጣቱ ነው፤ ቀይ ጤፍ በብረት ማዕድን ከእሱ አያንስም። ጤፍ ብረት አለው ሲባል ግን ሁሉም ደማችን ውስጥ አይገባም። ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የእህሉንም ብረት ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይዞ ያስቀረዋል። ይህን የሚፈታው እርሾ ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ለመፍጠን በቤኪንግ ፓውደር የተነሣ ሊጥ ይህን ዕድል አያገኝም። ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ ሲኖር ብረቱ በደንብ ይገባል። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታልና ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ለነፍሰ ጡር ምግቡ ብቻ ስለማይበቃ በክትትል ወቅት የሚሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ መወሰድ አለበት።

«አሞሌ ወይም ከውጭ የመጣ ሮዝ ጨው ከታሸገው ይሻላል»

ሁለቱም በቂ አዮዲን የላቸውም። አፈሩ በጎርፍ በተሸረሸረ ደጋ እንቅርት የበዛውም በአዮዲን እጥረት ነው፤ በእርግዝና ወቅት ሲጎድል የልጁን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ደንብ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ግዴታ አድርጋለች። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቁት፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምሩት። በርበሬና ሽሮው ውስጥ ያለው ተቆጥሮ በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ።

«ፀሐይ ስላለ ቫይታሚን ዲ አይጎድለንም»

ቆዳ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረሩ በቀጥታ ሲነካው ነው፤ በመስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ይህን አይሠራም። ሕፃኑን ሸፍኖ በረንዳ ላይ ማውጣትም እንደዚያው ነው፤ እጅና እግሩ ይገለጥ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ እህቶቻችን ፀሐዩ ደጅ ቀርቶባቸዋል። በሰሜን አውሮፓ ክረምት ደግሞ ጥቁር ቆዳ ላለን ሰዎች ፀሐዩ ጨርሶ አይበቃም። ብሪታንያ ሁሉም ሰው ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮ ግራም ቫይታሚን ዲ መውሰድን እንዲያስቡበት የምትመክረው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የተፈጥሮውን እጠብቃለሁ ብሎ ርካሹን ጠብታ መተው ስህተት ነው።

«ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ስለምወስድ የግፊት መድኃኒቴን አቁሜያለሁ»

ሽፈራው ጥሩ ጎመን ነው፤ ኮንሶዎች ከጥንት ጀምሮ ይመገቡታል። ነጭ ሽንኩርትም ግፊትን ጥቂት ይቀንሳል። ግን ግፊት አያምምም፤ «ደህና ነኝ» ማለት ወርዷል ማለት አይደለም። ነጭ ሽንኩርት በብዛት መውሰድ ደምን ስለሚያቀጥን ደም የሚያቀጥኑትን ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ያሳውቅ፤ ቀዶ ሕክምና ያለበትም ከአንድ ሳምንት በፊት ያቁም። ያለ ገንዘብ ግፊትን በእርግጥ የሚያወርዱት ጨው መቀነስ፣ በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ክብደት መቀነስና አልኮል መተው ናቸው።

እነዚህ እየሠሩ መሆናቸውን የሚነግረን ልኬት ነው። ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ አይወሰድ። ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ክንድን በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ መለካት ነው። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ እየለኩ ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈው ለሐኪምዎ ይውሰዱ፤ ኪኒኑ ይቀነስ ወይስ ይቀጥል የሚለው በዚያ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ይወሰናል።