ፀሐይ ሲያይ የሚጠቁር መነጽር

እንጦጦ ላይ ረፋዱ ፀሐያማ ነው፤ ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። ፎቶክሮሚክ መነጽር ያደረገ ሰው ከሽሮሜዳ ሽቅብ ወደዚያ ሲወጣ ሌንሱ ከወትሮው በላይ ይጠቁርበታል።

ብዙ ሰው ሌንሱን የሚያጠቁረው የብርሃኑ ድምቀት ይመስለዋል። አይደለም። ዓይናችን የማያየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ቤት ውስጥ አምፖሉ ምንም ቢደምቅ ሌንሱ አይነቃነቅም። በደመናማ የነሐሴ ቀን ግን ደጅ ሲወጡ ጠቆር ይላል፤ ጨረሩ ደመናውን አልፎ ይመጣላ።

እነዚህ ሌንሶች በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በኮርኒንግ ኩባንያ ተፈለሰፉ። መስታወቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የሲልቨር ክሎራይድ (የብር ማዕድንና የክሎሪን ውህድ) ቅንጣቶች፣ ከጥቂት መዳብ ጋር ተቀብረዋል። ጨረሩ ሲያርፍባቸው ኤሌክትሮን ከመዳቡ ወደ ብሩ ይሻገራል፤ የብሩ አተሞችም ብርሃን ይውጣሉ። ጥላ ሲገቡ ኤሌክትሮኑ ይመለሳል፣ መስታወቱም ይጠራል።

ዛሬ የበዛው ግን የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። እዚህ ሥራውን የሚሠሩት እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉና የሚታጠፉ ሞለኪውሎች ናቸው። ጨረሩ ይዘረጋቸዋል፣ ሌንሱ ይጠቁራል። መልሶ የሚያጥፋቸው በዋናነት ሙቀት ነው። የእንጦጦም ምስጢር ይኸው ነው። ከፍታ ጨረሩን የሚጨምረው በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ብርዱ ይመስለኛል። በብርድ ሌንሱ ቶሎ አይጠራም። ከደጅ ወደ ጨለም ያለ ቤት ሲገቡ ለደቂቃዎች ጨለማው ይከተላል፤ ደረጃ ካለ፣ እባካችሁ ቀስ በሉ።

ለሹፌሮች አንድ ነገር ልንገር። የመኪና የፊት መስታወት አልትራቫዮሌቱን ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። ከአያት ወደ መገናኛ፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋን ፊት ለፊት እየተቀበሉ ሲነዱ ሌንሱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። «ተበላሸ» ብሎ ወደ መነጽር ቤት መመለስ አያስፈልግም። ለመንዳት ተራ የፀሐይ መነጽር ይሻላል።

በእርግጥ የፕላስቲኩ ሌንስ ያረጃል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ በኋላ መጠቆሩ ይደክማል። መድከሙን ለማወቅ ግማሹን በወፍራም ወረቀት ሸፍኑና ፀሐይ ላይ ለሁለት ደቂቃ አስቀምጡት። ወረቀቱ ሲነሳ በሁለቱ ግማሾች መካከል ልዩነቱ እምብዛም ካልታየ፣ ሌንሱ መቀየሪያው ደርሷል።