«መውደቅ የሚከላከል ሰዓት» ምንድን ነው?

በአጭሩ እንዲህ የሚባል ሰዓት የለም።

ደሴ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን ስም ስንቴ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ልጆች ከውጭ ይልካሉ፣ እናት እጃቸው ላይ ያስሩታል፣ ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ለእናቴ መውደቅ የሚከላከል ሰዓት ገዝቼላታለሁ፤ ከእንግዲህ ስፖርቱ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ጻፈልኝ። ወንድሜ፣ ይኼን ሁሉ ያስጻፍከኝ አንተ ነህ።

ሰዓቱ ውስጥ የእንቅስቃሴ ለውጥንና መዞርን የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች አሉ። እጅ በድንገት ቁልቁል ሄዶ ከመሬት ጋር ሲላተም ያውቃሉ። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. በአራተኛው ትውልድ ሰዓቱ ላይ ይህን አስገባ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ሰዓቱ «የወደቁ ይመስላል፣ ደህና ነዎት?» ይላል። ሰውየው ካልተንቀሳቀሰና ካልመለሰ ይደውላል። ልብ አድርግልኝ፣ «የወደቁ ይመስላል» ነው የሚለው። «ሊወድቁ ነው» አላለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

ውሻው ግን ከንቱ አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ወድቀው ወለል ላይ ረጅም ሰዓት ከቆዩ ጡንቻ ይጎዳል፣ የሰውነት ውሃ ያልቃል፣ ኩላሊትም ሊታወክ ይችላል። ጎረቤት ቶሎ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ይኼ ውሻ ስልኩ አጠገቡ ከሌለና የራሱ ሲምም ከሌለው ለማንም አይጮህም። ቻርጅ ካለቀ ተኝቷል፤ የኛን መብራት ደግሞ ታውቀዋለህ። አንዳንዴ በቤተሰብ ላይም ይጮሃል፣ ሰው ወንበር ላይ ዘፍ ሲል ወደቀ ብሎ። እንዲህም ሆኖ ጥሩ ውሻ ነው እንበል። አጥር ግን አያጥርም። አጥሩ ሌላ ነው፤ እሱም ሚዛንን የሚፈትን ልምምድ ነው።

እዚህ ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን 108 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመረ፤ ተሳታፊዎቹ ከ23 ሺህ በላይ አረጋውያን ነበሩ። የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የመውደቅን ብዛት 23 በመቶ ያህል ቀንሷል። ማስረጃው ይበልጥ የጠነከረው ሚዛንን ለሚፈትነው ነው። መራመድ ብቻውን ይህን እንደሚያደርግ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። የእርምጃ ቁጥር የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። አንዲት እናት ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ መጡና «ልጄ፣ ሰዓቱ 6 ሺህ ረግጠሻል ብሎኝ ነበር፤ ታዲያ ምን አገኘኝና ወደቅሁ?» አሉኝ። ቡና ሲወቅጡ ሰዓቱን እጃቸው ላይ አስረው ነው። ከ6 ሺው ስንቱ የሙቀጫ እንደሆነ እንጃ።

ስለ ልምምድ የሚያወራ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላ ዓይነት መሣሪያ አለ። ወገብ ላይ በቀበቶ የሚታሰር ሴንሰር ነው። አንዳንዴ ስልኩ ራሱ በቀበቶ ኪስ ገብቶ ይሠራዋል። ወገብ የተመረጠው የሰውነት ክብደት መሀል እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው፤ እጅማ ቡና ይወቅጣል፣ ሰላምታ ይሰጣል። ቆመህ ስትለማመድ ስንት እንደዋለልክ ይለካል። ከመጠን ሲያልፍ ይነዝራል ወይም ድምፅ ያሰማል። ይኼኛው ጅቡ አጥር ጥግ ሲደርስ የሚያጉረመርመው ውሻ ነው። እሱን እወደዋለሁ። ንዝረቱ ሲቀር ጥቅሙ ምን ያህል እንደሚቆይ ግን እኛው ባለሙያዎቹ እንከራከርበታለን። ውሻውን የለመደ እረኛ አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስደዋል። (በቃ፣ ውሻውን እዚህ ላይ ልሰረው።)

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስህተት ግን ከሰዓቱም ይብሳል። መሣሪያው ውጤት ይሰጣል። ሰዎች 100 ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፣ ያንኑ ልምምድ ወር ሙሉ ይደጋግሙታል። 100 ማለት ልምምዱ ቀላል ነበር ማለት ነው! ሰውነት ሚዛንን የሚማረው ሲንገዳገድና ራሱን ሲመልስ ነው። ሁለት እግር ገጥሞ መቆም ካልፈተነህ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት አድርገህ ቁም። ያም ከቀለለ በአንድ እግር። ቧንቧ ሥር ቆመው፣ አንድ እግር አንስተው ለውዱእ የሚታጠቡ አባት ሳያውቁት ይህንኑ ይሠራሉ። ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትም አለበት፤ ዱካ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ አይሆንም። በሳምንት ተደምሮ 3 ሰዓት ገደማ ይሁን፣ ለወራት።

ይኼን ሁሉ መሀል ወለል ላይ አትሥሩት። የግድግዳ ጥግ ያዙ፤ ከፊት ጠንካራ ወንበር፣ አጠገብ ሰው ይኑር። በካልሲ አይሆንም፣ በሚንሸራተት ሸበጥም አይሆንም። የሚጎተት ሽርጥ ከሆነ ሰብሰብ ይደረግ። ከአልጋ ሲነሱ የሚያዞራቸው ሰዎች አስቀድመው ግፊታቸውን ተኝተውም ቆመውም ያስለኩ። የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ስኳር እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ዓይን ጨፍነው እንዳይቆሙ፤ መሬቱን የሚነግራቸው ዓይናቸው ነው። የዓይን ሞራም ካለ ይታይ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ግን የሙያ ነገር ሆኖ ዝም ማለት አልችልም።

ለጻፈልኝ ወንድሜ፣ ሰዓቱን አትመልሰው። እናትህ ይሰሩት። ስትደውልላቸው ግን ስንት እርምጃ ሄዱ ብለህ አትጠይቃቸው። ዛሬ በአንድ እግር ሲቆሙ ወንበሩን ስንቴ እንደያዙ ጠይቃቸው። ባለ ሙቀጫዋ እናት ጄሶው ከተፈታ በኋላ ጀምረው አሁን ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሰዓቱንም ቡና ሲወቅጡ ያወልቁታል።