ግራውንድ ክሊራንስ ምንድን ነው? ቁጥሩስ የማይነግረን ምንድን ነው?

"መርሰዲሱ ከመሬት 14 ሳንቲም ነው፣ ኮሮላም ያው 14 ነው፣ ስለዚህ ኮሮላ የገባበት ሁሉ ይገባል።" ይሄን አባባል ሰሞኑን ከደላላም ከገዢም ሰምቼዋለሁ፣ በቪዲዮ መኪና የሚተነትን አንድ ሰውም ጭራሽ እንደ መመሪያ ሲያስተምረው አየሁ፣ ለዛ ነው የምጽፈው። አይገባም! እዚህ ደብረ ብርሃን ሆዱን ተመቶ ጋራዥ የሚመጣው ረጅም አውቶሞቢል ብዙ ጊዜ በዚሁ ሂሳብ የተገዛ ነው።

ግራውንድ ክሊራንስ ማለት መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከስሩ በጣም ዝቅ ካለው ነገር እስከ መሬት ያለው ከፍታ ነው፣ በቃ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ምን ያህል እንደሚረዝም አይነግራችሁም፣ አፍንጫው ከፊት ጎማ ምን ያህል አልፎ እንደወጣም አይነግራችሁም።

ቃሬዛ የያዙ ሁለት ሰዎችን አስቡ፣ በትከሻ ሳይሆን እጃቸውን ወደታች ዘርግተው፣ የእርከን ካብ ሲሻገሩ። የፊተኛው ተሻግሮ ወርዷል፣ የኋለኛው ገና ካቡ ላይ አልወጣም፣ እዛች ላይ ካቡን የሚነካው የቃሬዛው መሃል ነው። አጭር ቃሬዛ ያልፋል፣ ረጅሙ ግን የሰዎቹ ቁመት ያው ሆኖ እንኳ ይነካል። ከፊተኛው ሰው እጅ አልፎ የወጣው የእንጨቱ ጫፍ ገና ሳይወጡ ካቡን ቀድሞ የሚመታው ነው፣ እሱ ባምፐሩ ነው። የተኛው ሰው ከከበደ ደግሞ ጨርቁ ይረግባል፣ ሞላ በጭነት የሚያደርገው እሱን ነው።

በቁጥር እንየው። ኮሮላ (የድሮዎቹ፣ እኛ አገር የሞሉት) ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2.6 ሜትር ነው። የአሁኑ የመርሰዲስ ኤስ ክላስ አጭሩ እንኳ 3.1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱም 14 ሳንቲም ናቸው እንበል፣ ኮሮላው ሆዱ ሳይነካ የሚሻገረው ጉብታ (መውጫውና መውረጃው ተዳፋት ተደምሮ) 12 ዲግሪ ያህል ሲሆን ኤስ ክላሱ 10 ነው። ከኮሮላው እኩል ለመሆን ወደ 16.7 ሳንቲም ከፍ ማለት አለበት። 2.7 ሳንቲም ትንሽ ትመስላለች፣ የሰፈር ሰው በሲሚንቶ ራሱ የሰራው ብሬከር ላይ ግን ልዩነቱ በድምጽ ይሰማል።

"ታዲያ ቁጥሩ ዋጋ የለውም ማለት ነው?" የሚል አለ። የለውም አላልኩም። ክረምት ላይ ሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር ውስጥ አይሱዙና ሲኖትራክ ሄዶበት ጎማው የሰመጠበት ሁለት ቦይ ይሰራና መሃሉ እንደ ጀርባ ቆሞ ይቀራል፣ እዛ ላይ ርዝመት ምንም ለውጥ አያመጣም፣ መሃሉ 16 ሳንቲም ከሆነ 14 ሳንቲም መኪና ይንጠለጠላል፣ አለቀ። መንገድ መሃል ያለ ድንጋይም እንደዛው። ቁጥሩ የሚመልሰው ይሄን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ለብሬከር፣ መንገድ ለሚያቋርጥ ቦይ፣ ከአስፓልት ወደ ግቢ በር ለሚወጣው ቀጥ ያለ ዳገት ሌላ ነገር ነው የሚታየው።

ሌላው የሚያናድደኝ ከፒክአፕ ጋር ማወዳደሩ ነው። ከኋላ ወጥ አክሰል ያለው ፒክአፕ ላይ ዝቅ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ዲፈረንሻሉ (አክሰሉ ላይ ያለው የጥርስ ሳጥን) ነው፣ እሱ ደግሞ ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚሄድ ብትጭኑበትም አይወርድም። አውቶሞቢል ግን ሆዱ በሞላ ላይ ነው ያለው። አምስት ሰው ገብቶ የኋላ ኮፈን ውስጥ ኩንታል ጤፍ ከተጨመረ ከኋላ ጥቂት ሳንቲም መውረዱ የተለመደ ነው። በዛ ላይ አንዱ አምራች ባዶውን ለክቶ ይጽፋል፣ ሌላው ተጭኖ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይሆንም።

ቸርኬም ላይ ያው ስህተት አለ። 20 ኢንች ቸርኬ ቢገጠም ጎማው በዛው ልክ ስለሚሳሳ ጠቅላላ ቁመቱ ያው ነው፣ መኪናው አይነሳም፣ ጉድጓድ ሲገባ ቸርኬው መሰንጠቁ ብቻ ይተርፋል። ጎማውን ራሱ ብታሳድጉም የምታገኙት ግማሹን ነው፦ 205/55 ባለ 16ን ወደ 205/60 ብትቀይሩ ዲያሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ይጨምራል፣ መኪናው የሚነሳው ግን 1 ሳንቲም ነው።

ኤር ሰስፔንሽን (በብረት ሞላ ፋንታ የአየር ትራስ) ያለው በበተን ጥቂት ሳንቲም ይነሳል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ለቀስታ መንዳት ነው፣ ፍጥነት ሲጨምር ራሱ ይወርዳል። ሞላ ስር ስፔሰር አስገቡልኝ ለሚለው ደግሞ እንሰራለን፣ ብቻ አላይመንቱ ይዛባል፣ ሲቪ ጆይንቱ (ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያደርሰው መጋጠሚያ) ባልተለመደ አንግል ይሰራል፣ ክብደቱም ወደ ላይ ይወጣል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ያለውን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ተጭናችሁ የምትወርዱ ሰዎች ይሄን አስቡበት።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሰራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አሁን የሚመጡት ኤሌክትሪክ ናቸው፣ እነሱ ላይ ጉዳዩ ይብሳል። ባትሪው ወለሉ ስር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ተነጥፏል፣ ዝቅ ያለው ነጥብ አንድ ቦታ ሳይሆን መላው ሆዱ ነው። ከስር ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ቢፋቅ አያስደነግጥም። ያ ሽፋን ተቀዶ ተነቅሎ የቀረ መኪና ነው የሚያስፈራኝ፣ ቀጣዩ ድንጋይ የሚያገኘው የባትሪውን ሳጥን ነው፣ በነዳጁ መኪና ደግሞ የሞተሩን ዘይት መያዣ፣ እሱም በብዙዎቹ አሉሚኒየም ስለሆነ እንደ ብረቱ ሳይጎደጉድ ይሰነጠቃል።

መኪና ልትገዙ ስትሄዱ አራት ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ አስገቧቸውና ሜትር ይዛችሁ በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ላይ ሆዱ ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩ። ብሬከር ላይ ደግሞ ፍሬን ቀድማችሁ ያዙና ልትወጡበት ስትሉ ልቀቁት፣ ፍሬን እንደተያዘ ከወጣ አፍንጫው ወርዶ ነው የሚገባው። ቦታ ካለ በሰያፍ አንድ አንድ ጎማ አሻግሩ፣ ካልሆነ ሰው ይውረድ።