ሐሰተኛ የስፖርት ካርዶች በኢንተርኔት ጨረታ

የስፖርት ካርድ የተጫዋች ምስል የታተመበት ትንሽ ካርቶን ነው። በአሜሪካ ድሮ ከሲጋራ ፓኮና ከማስቲካ ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር። ዛሬ አንዳንዱ ከቤት በላይ ያወጣል፤ ቶፕስ የተባለው የካርድ አሳታሚ በ1952 ያተመው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም።

ተራው ማጭበርበር ቅጂውን አትሞ እንደ ዋናው መሸጥ ነው። «ከአያቴ ሳጥን ያገኘሁት ነው፤ ስለ ካርድ አላውቅም» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም መጠንቀቅ ይገባል፤ አለማወቁ ራሱ የሽያጩ ዘዴ ሊሆን ይችላል። ቅጂ መሆኑን በግልጽ ጽፎ የሚሸጥ ግን ገዢውን አላታለለም።

ሁለተኛው እውነተኛውን ካርድ አዲስ እንዲመስል መነካካት ነው። ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ጋር የወጣው የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ ዋነኛው ምሳሌ ነው። ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው የካርድ መርማሪ ድርጅት በ1991 ሲመሠረት የመጀመሪያውን መለያ ቁጥር የሰጠው ለዚህ ዓይነቱ አንድ ካርድ ነበር። አጫራቹ ቢል ማስትሮ ግን የዚያኑ ካርድ ጠርዝ መከርከሙን በ2013 አመነ፤ በ2015 በጨረታ ማጭበርበር የ20 ወር እስራት ተፈረደበት። የምርመራው ሥራ መቁጠር የጀመረው በተከረከመ ካርድ ነው ማለት ነው።

እንደ ፒ.ኤስ.ኤ. ያሉ ድርጅቶች ካርዱን መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጡና በፕላስቲክ ማቀፊያ ያሽጉታል። አሁን አስመሳዮች ማቀፊያውንም ይሠራሉ። በ2024 የኒው ዮርክ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሁለት ሰዎችን የከሰሰው ሐሰተኛ ደረጃ የተለጠፈባቸውን ካርዶች ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመሸጥ አሲረዋል በሚል ነበር። መለያ ቁጥሩ በድርጅቱ መዝገብ መገኘቱም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የእውነተኛ ካርድ ቁጥር ይገለበጣልና። የሻጩን ፎቶግራፍ በመዝገቡ ካለው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ይሻላል።

ካርዱ እጅ ከገባ አጉሊ መነጽር ብዙ ይናገራል። ብዙ ጊዜ በቀድሞው ኅትመት ምስሉ በሥርዓት ከተደረደሩ የቀለም ነጠብጣቦች ይሠራል፤ ጥቁር ፊደላቱ ግን ሙሉ ናቸው። ከስካነር የተቀዳው ላይ ፊደሉም በነጠብጣብ ይሞላል። አልትራቫዮሌት መብራት ደግሞ ለጥንት ካርዶች ይጠቅማል፤ በዚህ መብራት የሚያበራው ወረቀት ማንጫ ኬሚካል የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመሆኑ፣ የ1909 ነው የተባለ ካርድ ደምቆ ካበራ አጠራጣሪ ነው። ለዘመናችን ካርድ ይህ አይሠራም።

የኢንተርኔት ጨረታ መድረክ የሆነው ኢቤይ ከ2022 ጀምሮ ውድ ካርዶች ወደ ገዢው ከመድረሳቸው በፊት በመርማሪ እጅ እንዲያልፉ አድርጓል፤ መነሻው 750 ዶላር ነበር፣ በኋላ ወደ 250 ወርዷል። ከዚያ በታች ያለውን ገዢው ራሱ ይከታተላል። ጥቅሉን ሲከፍት ፎቶግራፍ ቢያነሳ፣ ክፍያውን ከመድረኩ ውጭ ባያደርግና አቤቱታውን በጊዜ ቢያቀርብ ገንዘቡን የማስመለስ ዕድሉ ይሰፋል። ለሻጩ የተመለሰው ካርድ ግን አይወገድም፤ በሌላ ስም ለጨረታ ሊቀርብ ይችላል።