የቅርስ ጥገና ፈቃድ ምንድን ነው?

ደሴ ላይ ክረምት ሲበረታ የመጀመሪያውን ምልክት የሚሰጡት አሮጌ ግድግዳዎች ናቸው። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማውን ሲያለብሰው፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ ግድግዳ እርጥበቱን ይጠጣል፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይተነፍሳል። የአክስቴ ቤት ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ የኖረው እንዲህ ነው። አንድ ዓመት ልጆችና የልጅ ልጆች ገንዘብ አዋጣንና «ቤቱን እናድስላቸው» ብለን የፊቱን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለሰንነው። ሰፈሩ ሁሉ አደነቀው። በ3ኛው ክረምት ልስኑ እንደ ደረቀ ቅርፊት ተነሣ፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ መውጫ አጥቶ ረጥቦ ኖሮ፣ ከድንጋዩ መሐል እየተሸረሸረ ወጣ። ከመካከላችን ለቤቱ ክፉ ያሰበ አልነበረም። እንዲህ ላለው ሥራ አስቀድሞ የሚጠየቅ ፈቃድ እንዳለ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

የቅርስ ጥገና ፈቃድ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ላይ እጅ ከማሳረፍ በፊት የሚገኝ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ፣ በምን ዕቃና በማን እጅ እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚህ ስምምነት ነው። መሠረቱ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሲሆን፣ ማናቸውም የቅርስ ጥገና ሥራ በባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲካሄድ ያዛል። ባለሥልጣኑ ያኔ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ይባል የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶችን አገር አቀፍና ክልላዊ ብሎ ስለመደባቸው፣ የክልል ቅርስ የሆነ ቤት ጉዳይ በክልሉ የባህልና ቱሪዝም መዋቅር በኩል ይታያል።

አዋጁ «ጥገና» ይላል፤ እኛ ደግሞ በተለምዶ «እድሳት» እንላለን። ብዙው ጥፋት የሚፈጠረው በእነዚህ ሁለት ቃላት መካከል ነው። ማደስ አዲስ ማድረግ ነው። ጠገነ የሚለው ቃል ግን የተሰበረ አጥንትንም ይመለከታል፤ ወጌሻ የሚጠግነው ያንኑ እግር ነው፣ ሌላ እግር አይተክልም። የሰበሰ ማገር ቢገኝ ማገሩ ብቻ ይወጣል እንጂ ግድግዳው አይፈርስም። የጽድ መዝጊያ አንዱ ሳንቃ ቢበላ ሳንቃው ይተካል፤ መዝጊያው ተነቅሎ የብረት በር አይገጠምም። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ታሪካዊ ሕንፃዎች አጠባበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ የቬኒስ ቻርተርም፣ ጥገና ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት ይላል። የጠፋው የበረንዳ ጌጥ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ወይም ቅሪት ከሌለ፣ ከራስ አፍልቆ ጌጥ መቅረጽ ጥገና አይደለም። ባለሙያው ማመልከቻውን ሲያነብ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ የቀረበው ሐሳብ መጠገን ነው ወይስ ማደስ?

የትኛው ቤት ነው ቅርስ የሚባለው? ብዙ ሰው የዕድሜ ቁጥር ያለ ይመስለዋል። አዋጁ ግን ቅርስን የሚተረጉመው በዓመት ቆጥሮ ሳይሆን በሳይንሳዊ፣ በታሪካዊ፣ በባህላዊና በኪነ ጥበባዊ ዋጋው ነው። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ወይም የደሴ ሙዚየም የሆነው የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ማንንም አያጠያይቅም። የሚያጠያይቀው በጎረቤት መካከል ያለው ስም የለሽ ቤት ነው፤ ጣሊያን የሠራው ሱቅ፣ የነጋዴ ፎቅ ቤት፣ ሾንኬ ተራራ ላይ ተደጋግፈው ከቆሙት የአርጎባ የድንጋይ ቤቶች አንዱ። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ ፈቃድ የሚጠይቅ ባይሆንም ችግር የለውም። «ይህ ቤት በመዝገብ አለ ወይ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ይቻላል። በቃል የተነገረ «ችግር የለውም» ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ቅርስ መባል ባለቤትነትን አይነጥቅም። አዋጁ ግለሰብም የቅርስ ባለቤት ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ያስቀምጣል። በከተሞቻችን የሚያወሳስበው ሌላ ታሪክ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ብዙ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነው ቀሩ። በቀበሌ ቤት የሚኖር ተከራይ ጣሪያው ቢያፈስበት እንኳን በራሱ ስም የጥገና ፈቃድ ሊያወጣ አይችልም፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው አካል አመልካች መሆን ወይም ስምምነቱን በደብዳቤ መስጠት አለበት። የውርስ ቤት ከሆነም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድም ሳይፈርም ደሴ ያለችው እኅት የጀመረችው ጉዳይ መካከል ላይ ይቆማል።

ማመልከቻው የሚጀምረው ለቤቱ ቅርብ ከሆነው የወረዳ ወይም የከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ እንደ ክብደቱ ወደ ዞን መምሪያው፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ቢሮ ሊያልፍ ይችላል። የይዞታ ማረጋገጫው፣ የቤቱ ፎቶግራፎች በየአቅጣጫው፣ የጉዳቱ መግለጫ፣ የሥራው ንድፍና የዕቃው ዝርዝር አብረው ቢቀርቡ ጉዳዩ ይፈጥናል። «ቤቱን ለማደስ ይፈቀድልኝ» የሚል ባለ 2 መስመር ማመልከቻ ምንም አይናገርም። «በስተምሥራቅ ባለው ግድግዳ የረገፈው የጭቃ ምርጊት በጭድ በተቦካ ጭቃ ይተካል፣ ላዩም በኖራ ይቀባል» የሚል ግን ባለሙያው መጥቶ ከግድግዳው ጋር ሊያስተያየው የሚችል ቃል ነው። የቅርስ ፈቃድ ተገኘ ማለት ደግሞ የግንባታ ፈቃድ ቀረ ማለት አይደለም። የመዋቅር ለውጥ ካለ የከተማው የሕንፃ ሹምም በሕንፃ አዋጁ መሠረት የራሱን ይጠይቃል። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ አድርጎ ማሰብ ሥራ ከሚያስቆሙ ስሕተቶች አንዱ ነው።

ላሊበላ ከዚህ ሁሉ ይለያል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ስለሆኑ፣ በዙሪያቸው የሚደረግ ከባድ ጥገና ወይም ግንባታ አስቀድሞ ለዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እንዲገለጽ ይጠበቃል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጎን ያሉት ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ፎቅ የላስታ ቤቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት የሚጠበቀው በሰው ነው። ምድጃ ሲነድ ጢሱ የሣር ክዳኑን ያደርቃል፣ እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቃል። ነዋሪ ሲለቀው እሳቱ ይጠፋል፣ ክዳኑም ይበሰብሳል። በፈቃድ የተጠገነ ባዶ ቤት ካልተኖረበት በጥቂት ክረምት ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው ስለ ድንጋዩ ከጠየቀ በኋላ «ማን ይኖርበታል? እሳትስ ይነድበታል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ትልቅ ነገር ነበር።

ስለ ገንዘብ ዝም ማለት አይቻልም። አዋጁ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን መንግሥት ከፊሉን እስከ መሸፈን ሊረዳ እንደሚችል ይጠቅሳል። «ሊረዳ ይችላል» ማለት ይረዳል ማለት አይደለም። ሆኖም ሳይጠየቅ የሚመጣ እርዳታ የለምና አቅም የሌለው ባለቤት ይህን በዚያው ማመልከቻ ላይ ቢጽፍ መብቱ ነው። ጡረተኛ እናት ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ከሩቅ አስመጥታ ጥሩ ጽድ እንድትገዛ ማዘዝ፣ ከዚያም ወጪውን ለእሷ ብቻ መተው ቤቱን ቀስ ብሎ ማፍረስ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጣሪያ በሐምሌ ቢቀደድስ? ፈቃድ ይጠበቅ ብሎ ዝናብ ማስገባት አይገባም። በሸራ መሸፈን፣ ያዘመመውን ግድግዳ በባላ መደገፍ፣ ከመሸፈን በፊትና በኋላ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በማግሥቱም ለጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ተነሥቶ ሊመለስ የሚችል ጊዜያዊ ድጋፍ ቤቱን አይለውጠውም። የወደቀውን ድንጋይና እንጨት ግን መጣል አይገባም፤ ጥገናው ሲጀመር ወደ ቦታቸው የሚመለሱት እነሱ ናቸው።

አክስቴ ቤት አሁን የምንጠብቀው ይህንኑ ነው። ሲሚንቶውን የሚያነሣልን አንድ አዛውንት ግንበኛ አግኝተናል፤ እሳቸውም ግድግዳውን በመዶሻው እጀታ ቀስ ብለው እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ ቆዩና አክስቴን «እትዬ፣ ግድግዳው አልሞተም፤ ታፍኖ ነው» አሏቸው። ማመልከቻው ገብቷል፣ የወንድሞቻችን ፊርማም ተሟልቷል። ባለሙያው ከመስቀል በኋላ ግድግዳው ሲደርቅ መጥቶ ያየዋል። የረገፉት ድንጋዮች በረንዳው ላይ ተደርድረዋል፤ አክስቴ ልጆች እንዳይቀመጡባቸው ጆንያ አልብሰዋቸዋል።