1/32 ምንድን ነው? የጦር አውሮፕላን ሞዴልና የስኬሉ ነገር

በፕላስቲክ የአውሮፕላን ሞዴል ሣጥን ላይ ከአውሮፕላኑ ስም ቀጥሎ በደማቁ የሚጻፍ ቁጥር አለ፦ 1/72፣ 1/48፣ 1/32 ወይም 1/24። ስኬል ይባላል። ሂሳቡ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ከተማርነው የካርታ ስኬል አይለይም። 1/32 ሲባል እውነተኛው አውሮፕላን ላይ 32 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነገር ሞዴሉ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ሞዴሉ ይተልቃል። ይህን ገልብጦ የሚረዳ አይጠፋም፤ 72 ከ32 ስለሚበልጥ ትልቁን ያዘዘ መስሎት ውጭ አገር ያለ ዘመዱን አስቸግሮ፣ ሣጥኑ ሲከፈት መዳፍ የምታህል አውሮፕላን የሚያገኝ አለ።

ምሳሌውን ከጎጃም ሰማይ እንውሰድ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በአገራችን ላይ በብዛት ካበረሯቸው አውሮፕላኖች አንዱ ካፕሮኒ 133 ነበር፤ ሦስት ሞተር ያለው፣ ቦምብም ወታደርም ስንቅም የሚያመላልስ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.24 ሜትር ነው። ይህ አውሮፕላን በ1/72 ሲሠራ 29.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በ1/32 ግን 66 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ1/24 ደግሞ 88 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ፣ በአብዛኞቻችን ቤት በር የሚገባው በጎኑ ተይዞ ነው። በአንጻሩ የፊያት ሲአር 42 ተዋጊ ክንፍ 9.70 ሜትር ብቻ ስለሆነ በ1/32 ከ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ እምብዛም አይበልጥም። «ትልቅ ስኬል» የሚባሉት በተለምዶ 1/32 እና 1/24 ናቸው።

ቁጥሮቹ ለምን እንዲህ ያልተለመዱ ሆኑ? ለምን 1/50 ወይም 1/100 አልሆኑም? መነሻቸው የእንግሊዞች ኢንችና ጫማ ስለሆነ ነው። በ1/72 አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል፤ በ1/48 ሩብ ኢንች አንድ ጫማን፣ በ1/24 ግማሽ ኢንች አንድ ጫማን ይወክላል። 1/72ን በተገጣጣሚ ፕላስቲክ ቀድሞ ያወጣው ፍሮግ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ማለትም ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት መሆኑ ነው።

ስኬልን በመጠን ብቻ የሚያስብ ሰው ግን ግማሹን ነው የተረዳው። ስኬል ርቀትም ነው። ሞዴሉን ከዓይንህ 30 ሴንቲ ሜትር አርቀህ ብትይዘው፣ በ1/72 እውነተኛውን አውሮፕላን ከ21 ሜትር ከግማሽ ላይ ቆመህ እንዳየኸው ነው። በ1/32 ግን 9 ሜትር ከግማሽ ላይ ቆመሃል ማለት ነው። በ21 ሜትር አውሮፕላኑን ታያለህ፤ በ9 ሜትር ደግሞ ብሎኑን፣ የጭስ ማውጫውን ጥላሸት፣ የአብራሪውን ቀበቶ ትለያለህ።

ይህን ነገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በተግባር የተጠቀሙበት አሜሪካኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ የትምህርት ቤት ልጆች ጥቁር ቀለም የተቀቡ የ1/72 የእንጨት ሞዴሎችን እየሠሩ ለባሕር ኃይሉ ያስረክቡ ነበር፤ ወታደሮች የወገንና የጠላት አውሮፕላን መለየት እንዲለማመዱባቸው። በ1/72 የተሠራ ሞዴል ከ10 ሜትር ላይ ሲታይ እውነተኛው ከ720 ሜትር ላይ እንደሚታየው ሆኖ ይታያል። ጥቁር የተቀባውም ለዚሁ ነው፤ በዚያ ርቀት ቀለም አይለይም፣ ቅርጽ ብቻ ነው የሚለየው።

የጎጃም አርበኛም ካፕሮኒን ያየው ከዚያ በማይቀርብ ርቀት፣ ያውም ከሥር ሆኖ ነው። ሆዱን፣ በክንፉ ሥር ባለው ክብ ውስጥ ያሉትን ሦስት የፋሺስት ምልክቶች፣ የሦስት ሞተሮቹን ድምፅ ነው የሚያውቀው። ከላይ ምን ቀለም እንደተቀባ ሊያውቅ የሚችለው ወድቆ ሲያገኘው ብቻ ነው። «ምን አድርጎልህ ነው የፋሺስት አውሮፕላን ቤትህ የምታስቀምጠው?» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የእኔ መልስ፣ አያቶቻችን ከሥር ሆነው ብቻ ያዩትን ነገር ከላይና ከውስጥም ማየት እፈልጋለሁ የሚል ነው። ለዚያ ደግሞ ትልቅ ስኬል ያስፈልጋል።

ታዲያ በ1/72 ሊታለፍ የሚችለው ነገር ሁሉ በ1/32 ዕዳ ይሆናል። መጀመሪያ የሚያጋልጠው ውፍረት ነው። ፋብሪካው የሚያወጣው ፕላስቲክ ቀልጦ በብረት ቅርጽ ውስጥ እየተገፋ ቀዝቅዞ የሚደርቅ ስለሆነ ከተወሰነ በላይ ሊሳሳ አይችልም። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ በ1/32 ስሌት 3.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የእውነተኛው አውሮፕላን ቆርቆሮ ግን ራሱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። የሞተር ሽፋን ጠርዝ፣ የክንፍ የኋላ ጠርዝ፣ የአብራሪው ክፍል አፍ፣ እነዚህ ሁሉ እንዳሉ ከተተዉ ታንክ እንጂ አውሮፕላን አይመስሉም። መድኃኒቱ ብርጭቆ ወረቀትና ትዕግሥት ነው፤ ከውስጥ በኩል እየፈገፈጉ ከውጭ የሚታየውን ጠርዝ ብቻ ማሳሳት።

ቀጥሎ ሞተሩ ይመጣል። የሲአር 42 ሞተር ፊያት ኤ 74 የሚባል፣ በሁለት ረድፍ 14 ሲሊንደር ያለው፣ 840 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነው። በ1/72 ከፊት የምትታይ አንዲት ክብ ነገር ናት፤ ጥቁርና ብርማ ቀለም ቀብቶ ማለፍ ይቻላል። በ1/32 ግን እያንዳንዱ ሲሊንደር በዙሪያው ካሉት ስስ የማቀዝቀዣ ጠርዞች ጋር ይታያል፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው 28 የካንዴላ ሽቦ መቀጠል አለበት። ሣጥኑ ውስጥ ሽቦ አይኖርም። ከተበላሸ ኢርፎን ገመድ ውስጥ የሚወጣው ቀጭን የመዳብ ክር ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። መትረየሶቹ 12.7 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ለ32 ሲካፈል የአፈሙዙ ቀዳዳ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፕላስቲክ ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ መብሳት ሞኝነት ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ የ21 ጌጅ መርፌ ውጫዊ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሞረድ ቆርጦ መትከል ይበቃል። የአብራሪው ቀበቶ ደግሞ ከሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ስፋት እየተቆረጠ ይሠራል።

ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አንድ ተጨማሪ ፈተና አለበት፤ ክንፎቹን አጥብቀው የሚይዙት ሽቦዎች። እዚህ ላይ የጣሊያኑ ፊያት ከእንግሊዙ ግላዲያተር በጣም ይቀላል፤ የፊያቱ ክንፎች የተያያዙት በሰያፍ በተሰደሩ ጠንካራ ምሰሶዎች ስለሆነ የሽቦ ጣጣ የለበትም ማለት ይቻላል። በምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ ከሱዳን በኩል ሲበር የነበረው ግላዲያተር ግን በክንፎቹ መካከል በሽቦ የተወጠረ ነው። በ1/72 እነዚህን ሽቦዎች የተወ ሰው ማንም አይጠይቀውም። በ1/32 ከተተዉ ግን አውሮፕላኑ ያላለቀ ይመስላል። ለዚህ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች ዕድለኞች ነን፤ የጣና ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚጠግኑበት ቀጭን የናይለን ክር በቂ ነው። አንዱን ጫፍ በሱፐር ግሉ አጣብቆ፣ ወጥሮ፣ ሌላውን ጫፍ በቀጭኑ በተበሳ ቀዳዳ አሳልፎ ማሰር ነው። ሱፐር ግሉ ግን ከመስታወቱ ይራቅ፤ ትነቱ ግልጹን ፕላስቲክ ነጭ ያደርገዋል።

ስለ ስፋትና ይዘት የሂሳቡ ነገር ሰውን ያሳስታል። ከ1/72 ወደ 1/32 ስንሄድ ርዝመቱ በ2.25 እጥፍ ብቻ ያድጋል። የሚቀባው ገጽ ግን በ5 እጥፍ ያድጋል፤ በሣጥን ቢለካ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ከ11 እጥፍ ይበልጣል። ለትንሿ ሞዴል አንድ ብልቃጥ ቀለም ተርፎት የሚያውቅ ሰው ለትልቁም አንድ ብልቃጥ ይዞ ከጀመረ ክንፉ መሐል ላይ ያልቅበታል፤ ተመሳሳይ ቀለም አዲስ አበባም ላይኖር ይችላል። በነገራችን ላይ የሲአር 42 ሙሉ የመነሻ ክብደት 2,300 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደት የሚቀንሰው በሦስቱም አቅጣጫ ስለሆነ ለ32 ሦስት ጊዜ ሲካፈል 70 ግራም ይሆናል። ፕላስቲኩ ከዚያ ይከብዳል፤ እውነተኛው አብዛኛው ገላው በቧንቧ ላይ የተወጠረ ጨርቅ ስለሆነ።

ቀለም ላይም ርቀቱ ይሠራል። ከሩቅ የሚታይ ነገር ይፈዛል፤ ስለዚህ ትንንሽ ሞዴሎች ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎች ቀለሙ ውስጥ ጥቂት ነጭ ይጨምራሉ። በ1/32 ያን ያህል ማፍዘዝ አያስፈልግም፤ ይልቅ ፀሐይ የበላውን፣ ዘይት የፈሰሰበትን፣ የሜካኒክ ጫማ የፋቀውን ቦታ መለየት ይጠይቃል። ይህን ደግሞ ፎቶግራፍ ሳያዩ መሥራት ፈጠራ ነው። ብዙ ሰው ትልቅ ሞዴል የሚከብደው እጁ ስለማይታዘዘው ይመስለዋል። እኔ ግን የሚከብደው ማወቅ ስላለብን ነው እላለሁ፤ አንድ አውሮፕላን በአንድ ወር በአንድ ሜዳ ላይ ምን ይመስል እንደነበር። በተለይ የጣሊያን ተዋጊዎች በአሸዋማ ቀለም ላይ አረንጓዴና ቡናማ ነጠብጣብ ስለሚረጭባቸው ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም።

የፊያቶቹ አመጣጥ ራሱ ለሞዴል ሠሪ የሚያስቅ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ1940 እንግሊዝ ባሕሩን ስለዘጋችው ጣሊያኖች ሲአር 42ን ፈታትተው በሳቮያ ማርኬቲ 82 ማመላለሻ አውሮፕላን ሆድ ከትተው በሊቢያ በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመጡት ነበር። እዚህ ደርሶ ነው የሚገጣጠመው። እኛም በሻንጣ ተፈታትቶ ነው የሚመጣልን።

በአገር ውስጥ የሚገኝ ዕቃ ምን ያህል ይረዳል? ከሚታሰበው በላይ። ብርጭቆ ወረቀት ከመኪና ቀለም ቀቢዎች ሰፈር ይገኛል፤ ከ400 ጀምሮ እስከ 2000 ቁጥር ያለው ይበቃል። ወረንጦና ምላጭ የትም አለ። ቲነር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋራዥ የሚጠቀሙበት ናይትሮ ቲነር ፖሊስታይሪን የተባለውን የሞዴል ፕላስቲክ ያቀልጠዋል፤ በእርሱ ቀለም አጥባለሁ ያለ ሰው ክንፉን አብሮ ያጥበዋል። የሞዴል ማጣበቂያ የሚሠራውም በዚሁ ጠባይ ነው፤ ሁለቱን ገጽ አሟሙቶ አንድ ላይ ያዋህዳቸዋል እንጂ እንደ ተራ ሙጫ መሐላቸው አይደርቅም። ስለዚህ ቀለም በተቀባ ቦታ ላይ አይዝም፤ ከማጣበቅ በፊት ቀለሙን መፋቅ ይገባል።

የአየሩ ጠባይም ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ላይ በጋ ሲሆን አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል፤ ባሕር ዳር ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ የሚረጨውን ቫርኒሽ ወተት የነካው ያስመስለዋል። ቀለም መርጨት ያለበት ዝናብ ባባራበት ቀን፣ ወለሉ ውኃ ተርከፍክፎበት አቧራው በተኛ ክፍል ውስጥ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ኮምፕረሰር ላይ ከመታመን ትልቁን ገጽ በጥሩ ብሩሽ በስሱ ሦስትና አራት ጊዜ መቀባት ይሻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይሳካል።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ ካፕሮኒን በ1/72፣ ፊያትን በ1/32 እለዋለሁ። ካፕሮኒ በትልቁ ስኬል ሦስት ሞተር ከነሽቦው፣ 66 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይጠይቃል። አንድ ሞተር ያለው ተዋጊ ግን ትልቅ ስኬል የሚያስተምረውን ሁሉ ጠረጴዛ በሚችለው መጠን ያስተምራል። አይሲኤም የተባለው የዩክሬን ኩባንያ ሲአር 42ንም ግላዲያተርንም በ1/32 አውጥቷቸዋል፤ ሽቦ ለሚፈራ ፊያቱ፣ የጣና ክር ለሚወድ ግላዲያተሩ ይሆናል። ከማዘዙ በፊት ግን የእውነተኛውን ክንፍ ስፋት ለ32 ያካፍል፣ አራት ጣት ያህል ይጨምርበት፣ ከዚያ በሜትር መደርደሪያውን ይለካ።